ጆንያውና እህሉ፦ የካሜራ ፋይል ለኤዲቲንግ ስለማዘጋጀት

(ባለፈው እሑድ ሰበታ ላይ የሠርግ ቪዲዮና የፎቶ ባለሙያዎች በተሰባሰብንበት ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጡ ጓደኞች «ጻፈውና ለጥፈው» ስላሉኝ ከድምፅ ቅጂው ገልብጬዋለሁ። የተደጋገመውን አላጠፋሁም፤ በአፍ ሲነገር እንደዚያ ነው።)

እንደምን አረፈዳችሁ! አካም ጅርቱ! እስቲ ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ እዚህ ባዶ ወንበር አለ። ሠርግ ላይ ካሜራ ይዛችሁ ቄሱ አፍንጫ ሥር የምትገቡ ሰዎች፣ ስብሰባ ስትመጡ ግድግዳ ትደገፋላችሁ። (ሳቅ)

ከወለቴ፣ ከአለም ገና፣ ከፉሪ፣ ከጀሞ ሳይቀር ታክሲ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ግንቦት መሆኑን አውቃለሁ። ትናንት እስከ እኩለ ሌሊት ሠርግ ላይ የቆያችሁ አላችሁ። ዛሬ ከሰዓት መልስ የምትቀርጹም አላችሁ፤ ዓይናችሁ ይናገራል። ጋሼ፣ እርስዎም ስለመጡልን ደስ ብሎኛል። እኒህን ፊት የተቀመጡትን አባት የማታውቋቸው ካላችሁ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ትከሻ ላይ በሚቀመጠው ትልቅ ካሜራ የዚህን ከተማ ሠርግ ሁሉ የቀረጹ ሰው ናቸው። ዛሬ እሳቸው ባሉበት ስለ ቪዲዮ መናገሬ ድፍረት ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንዲት ሥራ ላስጀምር። ጠዋት በር ላይ አንድ ልጅ ፍላሽ ሰጠኝ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ፍላሹ ውስጥ በስልክ የተቀረጸ የ34 ደቂቃ የሽማግሌዎች ምርቃት አለ። የካሜራው ባትሪ ሲያልቅበት ስልኩን አውጥቶ ቀጠለ። ጎበዝ ነው፤ ብዙዎቻችን ባትሪ ፍለጋ ስንሮጥ ምርቃቱ ያልቅብናል። ግን ኤዲቲንግ ላይ ሲያስገባው ጣጣ መጣ። መጀመሪያው ላይ ድምፅና ከንፈር ይገጥማል። መሀል ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው አፋቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል፣ ድምፃቸው ግን ገና «አሜን በሉ!» ይላል። (ሳቅ)

አትሳቁ። ያልደረሰበት እጁን ያውጣ። አያችሁ? አንድም እጅ የለም።

እንግዲህ ይሄ ላፕቶፕ ያንን ፋይል ኮንቨርት ማድረግ፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ፋይል መለወጥ ይጀምራል። ይኸው፣ ተጫንኩት። እኔ ስናገር እሱ ይሥራ፤ ስንጨርስ መጨረሻውን አብረን ከፍተን እናያለን። መብራት ካልሄደ ነው እንግዲህ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ፋይል ማለት ምን እንደሆነ። ሁለተኛ፣ ለምን ኮንቨርት እንደምናደርግ። ሦስተኛ፣ እንዴት እንደምናደርግ። ሰዓት ከጠበበ ሦስተኛውን አልዘልም፤ የሻይ ሰዓታችሁን ነው የምዘልባችሁ።

አንደኛው። ሥራ የሚያመጣልኝን ሰው «ፋይሉ ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ኤምፒ4 ነው» ይለኛል። እሺ፤ እህል በረንዳ ሄዳችሁ ነጋዴውን «ምን እህል አለህ?» ስትሉት «ጆንያ አለኝ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

ኤምፒ4 ጆንያ ነው። ኤምኦቪ ጆንያ ነው። ኤቪአይ ጆንያ ነው። ኤምቲኤስም፣ ኤምኬቪም እንደዚያው። ውስጡ ያለው እህል ሌላ ነው፤ እሱ ኮዴክ ይባላል፣ ምስሉና ድምፁ የታመቀበት አሠራር ማለት ነው። ጆንያው አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ውስጥ ጤፍ፣ አንዱ ውስጥ ማሽላ ሊኖር ይችላል። ሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች አስቡ። አንዱ ውስጥ ኤች 264 አለ። ይሄ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ስለሆነ የማያውቀው ኮምፒውተር የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ውስጥ ኤች 265 አለ። እሱ በ2013 ወጣ፤ አይፎን ደግሞ ከ2017 ጀምሮ በሱ መቅረጽ ጀመረ። ሁለቱም በስማቸው መጨረሻ ኤምፒ4 ይላሉ። ፕሪሚየር የሚባለውን የኤዲቲንግ ፕሮግራም የቆየ ቅጂ የጫነ ሰው አንደኛውን ያስገባል፤ ሁለተኛውን ግን ወይ እምቢ ይለዋል፣ ወይ ድምፁን ብቻ አስገብቶ ምስሉን ያስቀርበታል። ከዚያ ምን ይላል? «ፋይሉ ተበላሽቷል።» ፋይሉ አልተበላሸም! እህሉን ነው ወፍጮው ያላወቀው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ከሶኒ ካሜራ የወጣ ኤምቲኤስ ፋይል አልገባ ሲለኝ፣ ስሙ ላይ ገብቼ ኤምቲኤስ የሚለውን ሰርዤ ኤምፒ4 ብዬ ጻፍኩበት። «ኮንቨርት አደረግኩ» ብዬ ለባልደረባዬም አስተማርኩት። (ሳቅ) ጆንያው ላይ «ጤፍ» ብዬ በከሰል መጻፌ ነበር።

ጆንያውን ብቻ መቀየር ግን ይቻላል፤ በትክክለኛው መንገድ። እህሉ ሳይነካ ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው መገልበጥ ሪራፕ ይባላል። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሳያውቀው ሌሊቱን በከንቱ ያነጋል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ኤች 264 ሆኖ ችግሩ ጆንያው ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤምኬቪ ስለሆነ ብቻ ፕሮግራማችሁ ካልተቀበለው፣ ሪራፕ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጥራት አይቀንስም፣ መጠኑም ያው ነው። ሻተር ኢንኮደር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም «ሪራፕ» የሚል ምርጫ አለው። እሱ በውስጡ የሚሠራው በኤፍኤፍኤምፔግ ነው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ነጻ ሶፍትዌር ነው፣ ዛሬ ከምትጠቀሙባቸው ኮንቨርተሮች ብዙዎቹ በላዩ ላይ የተሠሩ ናቸው። ገንዘብ ጠይቀው ምስላችሁ መሀል ላይ ስማቸውን የሚለጥፉትም ጭምር።

እህሉ ምን እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? ሚዲያኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። ፋይሉን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፤ ኮዴኩን፣ ቢትሬቱን (በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሆነ)፣ በሰከንድ ያለውን የፍሬም፣ ማለትም የነጠላ ሥዕል ብዛት ይነግራችኋል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሌላ ምንም ይዛችሁ ባትወጡ እሱን ጫኑ። ሐኪም ሳይመረምር መርፌ አይወጋም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ ለምን ኮንቨርት እናደርጋለን?

ጋሼ ያስታውሳሉ፤ በሚኒ ዲቪ ካሴት ጊዜ ይሄ ጭንቀት አልነበረም። የ60 ደቂቃ ካሴት ለማስገባት 60 ደቂቃ መቀመጥ ነበር። 13 ጊጋ ያህል ይይዛል፤ በዚያን ጊዜ ሃርድ ዲስክ ይሄ ጉድ ነው። ከገባ በኋላ ግን በፔንቲየም ኮምፒውተር እንኳ እንደ ልብ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ያንን ኮምፒውተር አሥር ጊዜ የሚያስከነዳ ላፕቶፕ ይዘን፣ ከ11 ጊጋ የማይበልጥ የአንድ ሰዓት ፋይል ስንሰጠው ያቃስታል። ታይምላይኑ ይንቀራፈፋል፣ ምስሉ ይቆማል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ሥራው ለምን ከበደ?

የባለሱቅ የዱቤ ደብተር ታውቃላችሁ አይደል? ሁለት ዓይነት ባለሱቅ አስቡ። የመጀመሪያው በየቀኑ ጠቅላላውን ይጽፋል። ሰኞ፦ ጠቅላላ ዕዳ 400 ብር። ማክሰኞ፦ ጠቅላላ ዕዳ 520 ብር። ረቡዕ፦ ጠቅላላ 700። ደብተሩ ቶሎ ያልቅበታል፤ ግን የትኛውንም ገጽ ገልጣችሁ ስትጠይቁት ወዲያው ይመልሳል። ካሴቱ እንደዚህ ነበር። እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ሥዕል ነው፤ ማንንም አይጠይቅም።

ሁለተኛው ባለሱቅ ወረቀት ቆጣቢ ነው። ሰኞ ጠቅላላውን ይጽፋል፣ 400 ብር። ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ማክሰኞ፦ ስኳር ተጨመረ። ረቡዕ፦ ዘይት ተጨመረ። ሐሙስ፦ ከፊሉ ተከፈለ። ደብተሩ ዓመት ይበቃዋል። ግን ሐሙስ ቀን መጥታችሁ «ዕዳዬ ስንት ነው?» ስትሉት ወደ ሰኞ ተመልሶ እየደመረ፣ እየቀነሰ መምጣት አለበት። ይባስ ብሎ አንዳንዱ መስመር ላይ «የረቡዕ ነገር ከማክሰኞና ከሐሙስ ተገምቶ ይያዝ» ብሎ ይጽፋል። (ሳቅ) እውነቴን ነው! ከፊቱም ከኋላውም ካለው ፍሬም እየተገመተ የሚሠራ ፍሬም አለ።

የዛሬ ካሜራችን ኤች 264 እና ኤች 265 ሲቀርጽ በአብዛኛው እንደ ሁለተኛው ባለሱቅ ነው። ለማየት ምንም ችግር የለውም፤ ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ በቅደም ተከተል ነዋ የምናየው። ኤዲተር ግን በቅደም ተከተል አይሄድም። ወደ ኋላ ይመለሳል፣ መሀል ይቆርጣል፣ ሙሽሪት ስታለቅስ የነበረውን ከሙሽራው ሳቅ ጋር ይሰፋል። በእያንዳንዷ ቁርጥ ኮምፒውተሩ ወደ «ሰኞ» ተመልሶ መደመር አለበት። የሚያቃስተው ለዚህ ነው።

ይሄ ነገር ወደኛ ሙያ በሰፊው የገባው ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤቪሲኤችዲ የሚባለውን አሠራር ሲያመጡ ነው። በ2008 ደግሞ ካኖን 5ዲ ማርክ 2 መጣ፤ በፎቶ ካሜራ ሠርግ መቅረጽ ጀመርን። ምስሉ አማለለን። ኮምፒውተራችን ግን አልተዘጋጀም ነበር።

ስለዚህ ኮንቨርት ማድረግ ማለት የሁለተኛውን ባለሱቅ ደብተር እንደ መጀመሪያው አድርጎ እንደገና መጻፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ የሆነበት ኮዴክ አለ፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ አንዱ ነው። የአቪድ ዲኤንኤክስኤችዲ እና ዲኤንኤክስኤችአር ሌሎቹ ናቸው። ማክ ያላችሁ ፕሮሬስ፣ ዊንዶውስ ያላችሁ ዲኤንኤክስኤችአር ብትይዙ አትቸገሩም።

ግን እዚህ ላይ ቆም በሉ። ኮንቨርት ማድረግ ጥራት አይጨምርም። እደግመዋለሁ፤ ጥራት አይጨምርም! ውሃ የነካውን ወተት ትልቅ ገንቦ ውስጥ ብትገለብጡት ቅቤው አይበዛም። አንድ ጓደኛዬ የደንበኛውን 1080 ፋይል፣ የምስሉ ነጥብ አራት እጥፍ ወደሆነው ወደ 4ኬ ኮንቨርት አድርጎ የ4ኬ ዋጋ ጠየቀ። ደንበኛው ከፈለ። እኔ ግን ይሄን ሥራ አልለውም፤ ሌላ ስም አለው።

ሌላም አለ። ኮንቨርት ማድረግ ግዴታ አይደለም። ላፕቶፓችሁ ፋይሉን ሳያቃስት የሚያጫውት ከሆነ ምን ትደክማላችሁ? ኤች 264 የሆነ 1080 ምስል ለብዙ የቅርብ ጊዜ ላፕቶፕ አይከብድም። ኤች 265 ባለ 10 ቢት (የቀለም ዝርዝሩ የበዛው)፣ ያውም ኢንቴሉ ከ7ኛው ትውልድ በፊት በሆነ ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አስገብታችሁ ሞክሩት። ካልተንገዳገደ ቁረጡና ጨርሱ።

ሦስተኛው፣ እንዴት የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ምክንያቱም ዋጋ የከፈልኩበት እዚህ ነው።

ከካርዱ እንጀምር። ካርዱን ስትከፍቱት ፎልደር በፎልደር ውስጥ ነው። «ፕራይቬት» ይላል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ብዙዎቻችን ምን እናደርጋለን? የቪዲዮ ፋይሎቹን ብቻ ቆንጥረን አውጥተን ሌላውን «ቆሻሻ ነው» ብለን እንተወዋለን። ቆሻሻ አይደለም! ካርዱ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው አሠራር ከሆነ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ማለፍ አይችልም። በ24 ሜጋቢት የምትቀርጹ ከሆነ 22 ደቂቃ ገደማ ላይ ካሜራው ፋይሉን ቆርጦ ሁለተኛ ይከፍታል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል የተጻፈው በዚያ «ቆሻሻ» ባላችሁት ውስጥ ነው። ፋይሎቹን ብቻ አውጥታችሁ ስትገጥሟቸው ስፌቱ ላይ ድምፁ «ጭጭ» ብሎ ይዘላል። አንድ ጊዜ ስፌቱ የት ላይ ወደቀብኝ መሰላችሁ? ሙሽራው ቃል ሲገባ። ሙሉ ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አድርጉ፤ ሁለት ቦታ። ከዚያ ኤዲቲንግ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ባለው የሚዲያ ማሰሻ በኩል አስገቡ፤ እሱ ራሱ ያገጣጥመዋል።

ቀጥሎ፣ ሁሉን ነገር ኮንቨርት ላድርግ ወይስ ፕሮክሲ ልሥራ? እስቲ ሒሳብ እንሥራ፤ ስልካችሁን አውጡ። ቢትሬቱን በ0.45 አባዙት፤ የአንድ ሰዓት ጊጋ ይወጣል። 24 ሜጋቢት ሲባዛ በ0.45፣ 10.8 ጊጋ። ይሄ ካሜራው የሰጣችሁ ነው። ፕሮሬስ 422 በ1080፣ በ25 ፍሬም 122 ሜጋቢት ነው፤ 55 ጊጋ ይሆናል። በሁለት ካሜራ በድምሩ 6 ሰዓት የቀረጻችሁት ሠርግ፣ 65 ጊጋ የነበረው፣ 330 ጊጋ ሆነ ማለት ነው። ያላችሁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ 500 ጊጋ ከሆነ አንድ ሠርግ ዋጠው። ግንቦት ላይ ስንት ሠርግ አላችሁ?

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ለብዙዎቻችሁ፣ ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት ለመቁረጥ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ምትክ ነው። ፕሮሬስ ፕሮክሲ በዚያው መጠን 38 ሜጋቢት ነው፤ 6 ሰዓቱ 100 ጊጋ ገደማ ይይዛል። መጠኑን ወደ ግማሽ ካወረዳችሁት ደግሞ በጣም ያንሳል። በምትኩ ትቆርጣላችሁ፤ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ዋናውን መልሶ ያስገባና ከዋናው ላይ ኤክስፖርት ያደርጋል፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ያወጣል። ፕሪሚየርም ዳቪንቺ ሪዞልቭም ይሄን በራሳቸው ይሠራሉ። የፋይሉ ስም አይቀየር፣ የፍሬሙ ብዛት አይቀየር፣ የድምፁ ቻነል ቁጥርም አይቀየር። ከሦስቱ አንዱ ከተቀየረ ምትኩና ዋናው አይተዋወቁም። ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ደግሞ ዋናው ላይ መሆናችሁን እዩ። አንድ የማውቀው ሰው ሙሉ ሠርግ በፕሮክሲው ኤክስፖርት አድርጎ አስረክቧል። የሙሽሪት እናት «ልጄ፣ ጉም ነበር እንዴ?» አሉት። (ሳቅ)

አሁን ወደዚህ ልጅ ፋይል እንምጣ። ድምፁ ለምን ተንሸራተተ?

ካሜራ ሲቀርጽ በሰከንድ 25 ካለ 25 ነው፤ እንደ ወታደር ይራመዳል። ስልክ ግን እንደዚያ አይደለም። ብርሃን ሲያንሰው፣ ሲግል፣ አንዳንዴ 30፣ አንዳንዴ 29፣ አንዳንዴ ከዚያም በታች ይቀርጻል። ይሄ ተለዋዋጭ ፍሬም ሬት ይባላል። ሚዲያኢንፎ ላይ በግልጽ ይጽፈዋል። ድምፁ ግን በእውነተኛው ሰዓት ነው የሚሄደው። ስልኩ በአማካይ 29.9 ቀርጾ ኤዲቲንግ ፕሮግራሙ 30 ነው ብሎ ቢቆጥረው፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ምስሉ 6 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። ይኸው ነው ሽማግሌው አፋቸውን ዘግተው የሚናገሩት!

መድኃኒቱ ኤዲቲንግ ከመጀመሩ በፊት ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት መለወጥ ነው። ይሄንን ሪራፕ አይፈታውም፤ እህሉን ራሱን መፍጨት ያስፈልጋል። ሃንድብሬክ የሚባለውን ኮንቨርተር የምትጠቀሙ ከሆነ «ቋሚ» የሚለውን ራሳችሁ ምረጡ፤ አንዳንዱ ዝግጁ አማራጩ ላይ ተለዋዋጭ እንዲሆን ይተወዋል። ስልኩ በ30 የተቀረጸ ከሆነ ወደ 30 ቋሚ ለውጡት፤ በጉልበት ወደ 25 አታውርዱት፣ ሰው ሲራመድ ይንጠባጠባል። ወደፊት ደግሞ ስልካችሁ ከፈቀደ ከመጀመሪያው በ25 ቅረጹ። አይፎን ቅንብሩ ውስጥ ፓል የሚለውን ስታበሩ 25 ይሰጣል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነም 25 ፍሬም ከ1/50 ሰከንድ ሻተር ጋር ይስማማናል፤ አዳራሽ ውስጥ ያ የመብራት መርገብገብ ይቀራል።

መብራት ካልን ዘንድ። ኤምፒ4 እና ኤምኦቪ ማውጫቸው ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። የ3 ሰዓት ሠርግ በአንድ ፋይል አያይዛችሁ ኮንቨርት ስታስጀምሩ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ቢሄድ፣ 95 በመቶ የደረሰው ሁሉ አይከፈትም። እኔ ጠዋት ተነስቼ 60 ጊጋ የሆነ የማይከፈት ፋይል አቅፌ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ አታያይዙ፤ ክሊፕ በክሊፕ ይሂድ። መብራት ቢሄድ የሚሞተው አንዱ ክሊፕ ብቻ ነው። ሥራው ዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዘው ባትሪ) አትጀምሩ። የካሜራ ባትሪ እየቀረጸ አትንቀሉ፤ ያው በሽታ ነው። የድሮው ኤምቲኤስ በዚህ ይሻላል፤ እሱ ትንንሽ ጥቅል እየሆነ ስለሚጻፍ መሀል ላይ ቢቋረጥም እስከተቋረጠበት ድረስ ይታያል።

አሁን የምነግራችሁን ላልናገረው አስቤ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ጥር ላይ እዚሁ አለም ገና አንድ ሠርግ ቀረጽኩ። የሙሽሪት አያት ነበሩ፣ ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መረቁ። 12 ደቂቃ መረቁ። እንደዚያ ያለ ምርቃት ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ያኔ ሃርድ ዲስኬ ሞልቶ ነበር፤ ሌላ ለመግዛት ደግሞ እጅ አጥሮኛል። አንድ ነጻ ኮንቨርተር አውርጄ ሁሉንም ወደ ትንሽ ፋይል ለወጥኩ፤ 640 በ480። ስክሪኑ ላይ በትንሹ ሳየው ደህና መሰለኝ። ሠርጉን ቆርጬ በዲቪዲ አስረከብኩ፤ ማንም አላጉረመረመም። ከዚያ ዋናውን ፋይል አጠፋሁ፣ ካርዶቹን ፎርማት አደረግኩ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተዘጋጀሁ።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሙሽሪት ስቱዲዮዬ መጣች፤ ልጅ ይዛ። አያቷ አርፈዋል። በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶ ብዙም የለም። «ያንን ምርቃት ከዲቪዲው ሳይሆን ከዋናው አውጥተህ፣ ፊታቸውን በትልቁ አትምልኝ» አለችኝ። ፈለግኩ። እየፈለግኩ እንደሌለ አውቃለሁ። ያለኝን ትንሹን ፋይል ከፍቼ አቆምኩትና አሳየኋት። ፊታቸው አራት ማዕዘን ድንጋይ ተደርድሮ የተሠራ ይመስላል። ዓይናቸው የት እንደሆነ ትገምታላችሁ እንጂ አታዩትም። ልጅቷ አልተቆጣችም። «ምንም አይደል፣ አመሰግናለሁ» ብላ ልጇን ይዛ ወጣች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ካሜራው የሰጣችሁን አታጥፉ። ሃርድ ዲስክ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ከእናንተ ጋር ነው የምገዛው። ግን ቦታ ሲጠብባችሁ የሚጠፋው ኮንቨርት የተደረገው ነው፤ ፕሮክሲው፣ ፕሮሬሱ፣ ያ 330 ጊጋው። እሱን በአንድ ሌሊት መልሳችሁ ትሠሩታላችሁ። 65 ጊጋውን ግን ማንም መልሶ አይሠራውም። እኔ አሁን ውል ላይ ጽፌዋለሁ። ዋናው ፋይል እኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ እንዲቆይ የፈለገ ደንበኛ ሃርድ ዲስክ ይዞ ይመጣል፣ በነጻ እገለብጥለታለሁ። የሚያመጡት ጥቂት ናቸው። ሌሎቹንም ደውዬ ሳልነግራቸው አላጠፋም።

ጋሼ እጃቸውን አውጥተዋል። ይበሉ ጋሼ።... የካሴቶቹ ነገር? (ጋሼ ቤታቸው ውስጥ በካርቶን የተቀመጡ የሚኒ ዲቪ ካሴቶች እንዳሉ፣ ማጫወቻው ግን እንደተበላሸ ተናገሩ።) ጋሼ፣ ይሄ አስቸኳይ ነው። ካሴት እያደር ይጎዳል፣ የሚያጫውተው ካሜራም ከገበያ እየጠፋ ነው። የሚሠራ ሚኒ ዲቪ ካሜራ፣ ከኮምፒውተር የሚያገናኘው የፋየርዋየር ገመዱም ጭምር ያለው ሰው እዚህ አለ? አንተ አለህ? ጥሩ፤ ከዚህ ስንወጣ ከጋሼ ጋር ስልክ ተለዋወጡ። ስታስገቡት ወደ ሌላ አትለውጡት፤ ዲቪውን እንደ ዲቪ አስቀምጡት። በሰዓት 13 ጊጋ ዛሬ ምንም ማለት አይደለም።

ላፕቶፑስ የት ደረሰ? ጨርሷል! መብራቱም አልሄደም፤ ዛሬ ቀኑ ጥሩ ነው። ና ልጄ፣ ወደዚህ ና፣ የራስህ ፋይል ነው፣ አንተ ክፈተው። መጀመሪያውን አትየው፤ መጀመሪያው ሁልጊዜ ይገጥማል። ወደ 33ኛው ደቂቃ ሂድ። ድምፁን ከፍ አድርጉልን እስቲ... የሽማግሌውን ከንፈር እዩ።

(ከስፒከሩ «አሜን በሉ» የሚል ድምፅ መጣ፤ የሽማግሌውም አፍ አብሮ ተከፈተ። አዳራሹ «አሜን!» አለ። ከዚያ ሻይ መጣ።)